ሰይፉ ስም አለው፤ ሠሪውስ?



ንፋስ መውጫ ድረስ ጠርታችሁ ስለ አፈ ታሪክ ሰይፎች እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጋይንት የዜማ አገር ነው። ቤተልሔም ድጓውን፣ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕቱን ለመላው ኢትዮጵያ ያስተማሩ ቦታዎች ናቸው። ሲያዜሙ ሰምቶ ባደገ ሕዝብ ፊት መቆም ያስፈራል፤ ጆሮው የሠለጠነ ነውና።

የዛሬው ነገሬ በአየርላንድና በዌልስ ጥንታዊ ተረቶች፣ እንዲሁም በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ትውፊት የሚነገርላቸው ተአምረኛ ሰይፎች ናቸው። ሩቅ አገር ደርሰን እንመለሳለን። መመለሻችን ግን ከዚሁ፣ ከገበያው ዳር ወናፍ ከሚነፋበት ጎጆ ነው። አስቀድሜ የምናገረውን ሐሳብ ልንገራችሁ፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁ። ሰው በየአገሩ ሰይፉን አክብሯል፤ ሰይፉን የሠራውን እጅ ግን ፈርቷል፤ ከፈራም በኋላ አዋርዷል።

በመጀመሪያ ሰይፎቹን ላስተዋውቃችሁ።

የአየርላንድ ሰዎች ቱዋታ ዴ ዳናን ስለሚባሉ የአማልክት ነገድ ያወራሉ። እነዚህ ወደ ደሴቲቱ ሲመጡ አራት ሀብት ይዘው መጡ፤ ድንጋይ፣ ጦር፣ ሰይፍና ድስት። ድንጋዩ እውነተኛው ንጉሥ ሲረግጠው ይጮኻል። ከድስቱ ጠግቦ የማይነሣ የለም። ሰይፉ የንጉሣቸው የኑዋዳ ነው፤ ፊንዲያስ ከምትባል ከተማ የመጣ፣ ከአፎቱ ከተመዘዘ ማንም የማያመልጠው። ይሁንና የሰይፉ ጌታ ኑዋዳ ራሱ ማግ ቱሬድ በተባለው ሜዳ በመጀመሪያው ጦርነት ክንዱን ተቆረጠ። አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም ተባለና ከዙፋኑ ወረደ። ኦሪት ዘሌዋውያንን ያነበባችሁ ካህናት በዚህ ሕግ አትደነቁም። ከዚያ በኋላ አንድ ሐኪምና አንድ አንጥረኛ ተባብረው ከብር ክንድ ሠሩለት፤ ጣቶቹ የሚንቀሳቀሱ ክንድ። አንጥረኛውን አስታውሱልኝ፤ ስሙ ክሬድኔ ነው።

ሁለተኛው የጀግናው የፈርጉስ ሰይፍ ካላድቦልግ ነው። ፈርጉስ በጦርነት መካከል ተቆጥቶ ሰው ሊገድል ሲል ጓደኛው ቁጣውን ወደ ኮረብታ እንዲመልስ ለመነው። ፈርጉስም የሦስት ኮረብቶችን ራስ በሰይፉ ቆርጦ ጣለ። እነዚያ ራሳቸው የተቆረጠ ኮረብቶች ዛሬም ይታያሉ ይላል ተረቱ። እኛ አናታቸው እንደ ገበታ የተስተካከለ አምቦች መካከል ስለምንኖር ይህን ተረት ለመረዳት ከማንም እንቀርባለን። የአየርላንድ ሰው እዚህ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ፈርጉስ በጋይንትና በስማዳ በኩል አልፏል ይል ነበር።

ሦስተኛዋን እኔ ከሁሉም እወዳታለሁ። ኦርና ትባላለች። ኦግማ የተባለው ብርቱ በማግ ቱሬድ ሁለተኛ ጦርነት ከምርኮ አገኛት፤ መዝዞም ጠረጋት። ያን ጊዜ ሰይፏ አፍ አውጥታ በእሷ የተፈጸመውን ሁሉ ተረከች። በዚያ ዘመን ሰይፍ ሲመዘዝ የሠራውን ይናገር ነበር ይላሉ። እስኪ ይህን ከራሳችን ጋር አስተያዩት። በእኛ አገር የሚናገረው ሰይፉ አይደለም፤ ሰውየው ነው። ፎካሪው ከመካከል ብድግ ይልና ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ምን እንደጣለ ይዘረዝራል። ፉከራና ቀረርቶ ባለበት አገር ሰይፍ አፍ ማውጣት አላስፈለገውም። እነሱ ምስክርነቱን ለብረቱ ሰጡ፤ እኛ ለአንደበት ሰጠን።

ከዚያ ወደ አርተር እንሻገር። በዌልስ ተረት ሰይፉ ካለድቩልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1136 ገደማ የሞንማውዙ ጄፍሪ በላቲን ሲጽፈው ካሊበርነስ አለው፤ አቫሎን በምትባል ደሴት የተሠራ ነውም አለ። የፈረንሳይ ባለቅኔዎች ኤክስካሊበር አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1200 አካባቢ ሮቤር ደ ቦሮን ሰይፉን ከድንጋይ የመንቀሉን ታሪክ ጨመረ። ቶማስ ማሎሪ ሁሉንም ሰብስቦ ጻፈው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1485 ታተመ። በማሎሪ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ጠቢቡ ሜርሊን አርተርን ከሰይፉና ከአፎቱ የትኛውን ትወዳለህ ብሎ ይጠይቀዋል። አርተር ሰይፉን ይላል። ሜርሊን ግን አፎቱ አሥር እንዲህ ያለ ሰይፍ ያወጣል ይለዋል፤ አፎቱን የታጠቀ ሰው ቢቆስልም ደሙ አይፈስም። አርተር አፎቱን አልጠበቀም፤ እኅቱ ሰርቃ ሐይቅ ውስጥ ጣለችበት። በመጨረሻውም ጦርነት ቆሰለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልግባ። ሰዎች ይህን ለምን አመኑ?

አንድ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ፣ ፖሊቢዮስ፣ ከሮማውያን ጋር ስለተዋጉት የኬልት ወገኖች ሲጽፍ ሰይፋቸው በመጀመሪያው ምት ይጣመም ነበር ይላል። ተዋጊው ጫፉን መሬት ላይ አስደግፎ በእግሩ ካላቃናው ሁለተኛ መምታት አይችልም። ጠላት ስለጻፈው አጋኖት ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን ከብረት ጠባይ ውጭ አይደለም። ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው፤ ይጣመማል። ከከሰሉ ካርቦን ሲገባበት ይጠነክራል። ካርቦኑ ከ100 እጅ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ጥሩ ስለት ይሆናል፤ ከ2 እጅ ካለፈ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህን ለክቶ የሚነግር መሣሪያ አልነበረም። የነበረው የቀጥቃጩ ዓይን ነው። ብረቱ ጠቆር ካለ ቀይ ወደ ብርቱካንማ፣ ከብርቱካንማ ወደ ቢጫ ሲሄድ በየትኛው ቀለም መምታት፣ በየትኛው ውሃ ውስጥ መንከር እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጎጆው ጨለም ያለ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን የጋለ ብረት ቀለሙ በደንብ አይለይም። ውጭ ላለው ሰው ግን ጨለማ ጎጆ፣ እሳት፣ የሚተነፍስ ወናፍና የማይገባው ዝምታ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የሁሉም ሰው ሰይፍ በሚጣመምበት ዓለም አንድ ሰው የማይጣመምና የማይሰበር ሰይፍ ይዞ ቢመጣ ምን ይባላል? ከአማልክት ከተማ መጣ ይባላል። ደሴት ላይ ተሠራ፣ ከሐይቅ ወጣ ይባላል። ዕውቀቱ ምሥጢር ስለነበረ ውጤቱ ተአምር ሆነ። ወገኖቼ፣ ተአምሩ ከብረቱ ውስጥ ያለው የሰው ዕውቀት ነው።

የሐይቁም ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። የኬልት ሕዝቦች ሰይፍና ጋሻ ወደ ውሃ ይጥሉ ነበር። በስዊዘርላንድ ኖሻቴል ሐይቅ ዳር ላ ቴን በተባለ ቦታ፣ በዌልስ አንግልሲ ደሴት ደግሞ ሊን ከሪግ ባህ በተባለ ኩሬ ብዙ የጦር መሣሪያ ከጭቃ ወጥቷል። አርተር ሊሞት ሲል ሰይፉን ሐይቅ ውስጥ እንዲጥሉለት ያዘዘው በዚህ በጥንቱ ልማድ ጥላ ሥር ነው።

የእኛስ አገር?

በሶዶ፣ ጢያ የሚባለው ቦታ ትክል ድንጋዮች አሉ። 36 ናቸው፤ 32ቱ ላይ ምስል ተቀርጿል፤ ከምስሎቹ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ሕዝቡ የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። ግራኝ የተባሉት ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. እዚሁ በጌምድር፣ ወይና ደጋ ላይ ወድቀዋል፤ ስማቸው ግን ከባድ ድንጋይ በታየበት ሁሉ ይነሣል። ድንጋዮቹን ያጠኑ ሊቃውንት ከእሳቸው ዘመን የቀደሙ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን ደርሰውበታል። አውሮፓ ከድንጋይ ሰይፍ ነቀለች፤ እኛ ድንጋይ ላይ ሰይፍ ቀረጽን።

ከዚህ ውጭ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአውሮፓ ጀግና ለሰይፉ ስም ያወጣል። የኢትዮጵያ ጀግና ስም የሚያወጣው ለፈረሱ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ አሉላ አባ ነጋ። የቴዎድሮስ ሰይፍ ማን ይባል ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። ሰይፉ ስም አልባ ነው።

ሰይፍ የሚለውን ስም በክብር የተሸከመው ብረት ሳይሆን ጸሎት ነው። ሰይፈ ሥላሴ የሚነበብ እንጂ የሚመዘዝ አይደለም። ሰይፈ መለኮትም እንዲሁ። በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሰይፍ መዝዘው የቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው። ክታቡን ፈትታችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚቀበላችሁ ሰይፍ የያዘ መልአክ ነው። ክታቡ ደግሞ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሠራል፤ የሚታሠረውም ከክፉ ለመጠበቅ ነው። ሜርሊን ለአርተር አፎቱ ይበልጣል ሲለው አባቶቻችን ከሩቅ ሆነው አዎን የሚሉ ይመስለኛል። እነሱ የታመኑት በሚጠብቀው እንጂ በሚቆርጠው አልነበረም።

ይህ የሚያኮራ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ክፍያ ነበረው። ክብሩን ሁሉ ለቃልና ለፈረስ ስንሰጥ ብረቱ ለማን ቀረ? ለቀጥቃጩ። ቀጥቃጩስ ምን አገኘ?

ሦስተኛውና ዋናው ነገሬ ይህ ነው።

በአየርላንድ ተረት ጎይብኒው የሚባል ቀጥቃጭ አለ። በማግ ቱሬድ ሁለተኛ ጦርነት ቀን የተሰበረውን መሣሪያ ለማግሥቱ አዲስ አድርጎ ያደርሳል። በሦስት ምት አንድ የጦር ጫፍ ያወጣል፤ የሠራውም ጦር አይስትም። አምላክ ነው፤ በግብዣው ጠላ የጠጣ አያረጅም። አንጥረኛው ክሬድኔም ከአማልክቱ ወገን ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ባለሙያው ከንጉሡ አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

ዘመን አልፎ ክርስትና ገባ። እነዚህን ተረቶች ጽፈው ያቆዩልን መነኮሳት ናቸው። በቅዱስ ፓትሪክ ስም የሚጠራ አንድ ጥንታዊ የጥበቃ ጸሎት አለ። ሰውየው እግዚአብሔር ከምን እንዲጠብቀው እንደሚለምን ስታነቡ፣ ከጠንቋዮች ጋር ተደርድሮ የቀጥቃጮች ድግምት ይገኛል። የትናንቱ አምላክ ዛሬ የሚፈራ ሆነ።

አሁን ክታባችንን እንደገና ፍቱት። የሚከላከላቸውን ክፉዎች ይዘረዝራል፤ ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ዓይነ ጥላ፣ ቡዳ። ከእነሱ ጋር ነሀቢ ይላል። ነሀቢ በግእዝ ቀጥቃጭ ነው። አየርላንድና ጋይንት እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ፣ ሁለቱም በጸሎታቸው ውስጥ ብረት ሠሪውን ከአጋንንት ተርታ አሰለፉት። ይህን መጀመሪያ ስረዳ ደነገጥሁ፤ ዛሬም እደነግጣለሁ።

እናንተ የምታውቁትን አልደብቅም። ጠይብ ቡዳ ነው ይባላል። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል፤ የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘበት እየተባለ በየቤቱ ተወርቷል። ልጅ ሲታመም ማን አየው ይባላል፤ ጣትም ወደ አንድ ቤት ይቀሰራል። ማረሻውን ከእሱ የገዛ ገበሬ፣ በእሱ ማጭድ ያጨደ፣ በእሱ ምሳር እንጨት የፈለጠ፣ ልጁን ለልጁ አይድርም።

ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ምክንያት አለው። በጎንደርና በጌምድር ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት በብዛት ቤተ እስራኤል ነበሩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ተብሎ መሬታቸውን እንዳጡ በትውፊት ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። እጁ እሳትና ጭቃ ላይ ዋለ። ባለርስቱ የሚያርስበትን ብረት ከርስት ከተነቀለው ሰው ይገዛ ነበር፤ የሚፈልገውን ሰው ደግሞ መናቅ አይመችም፤ ስለዚህ ፈራው። ፍርሃቱ ንቀቱን ትክክል አስመሰለለት። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ሁለት ታላላቅ ዘመቻዎች ቤተ እስራኤል በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ለዘመናት በእጅ የተላለፈው ዕውቀትም ከመንደሮቻችን አብሯቸው ወጣ።

ይህን ንቀት ለመስበር የሞከሩ መሪዎች ነበሩን። ከእነሱ አንዱ በዚሁ አልፏል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዋልድማየር የተባለውንና ሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰፍረው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አድርገው፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እየሠሩ እስከ መቅደላ ጎተቱት። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡና መንገድ ሲጠርጉ ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ስለ ቴዎድሮስ ብዙ ማለት ይቻላል፤ በዚህ በበጌምድር ላይ የፈጸሙትን ግፍም የአገሩ ሽማግሌ አይረሳውም፤ ሊረሳውም አይገባም። ነገር ግን ንጉሥ ሆነው በሠራተኛ መካከል ቆመው እጃቸውን ማቆሸሻቸው በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሌሎቹ መኳንንት የሚታጠቁት ጎራዴ ከአውራሪስ ቀንድ እጀታ ይኖረው ነበር፤ ስለቱ ብዙ ጊዜ ከውጭ፣ ከጀርመን ሶሊንገን ሳይቀር ተገዝቶ የመጣ ነው። የባዕዱ ብረት ወገብ ላይ ይታሠራል፤ የአገሩ ቀጥቃጭ ቡዳ ይባላል።

ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ቆሟል? መልሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

የሰይፍ ዘመን ማብቃቱ የታየውም ከዚህ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በደብረ ዘቢጥ አቅራቢያ አንቺም ላይ የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ በውጊያ ሲወድቁ በሰማይ አውሮፕላን ነበረ። ዛሬ ለጦርነት ሰይፍ የሚያሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቀጥቃጩ ግን አለ። ማረሻ ይሠራል፤ ካራ ይሠራል፤ ምሳር ይሠራል። ብረቱ ዛሬ ከድንጋይ የሚቀልጥ አይደለም፤ ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ሲመላለስ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ካርቦኑ የተመጠነ ጥሩ ብረት መሆኑን ቀጥቃጩ ከመጽሐፍ አልተማረም፤ በእጁ አውቆታል። ኤክስካሊበርን የሠራው ዕውቀት ይኸው ነው። ሌላ አልነበረም።

ስለዚህ በመጨረሻ የምለምናችሁ አለኝ።

አባቶች ካህናት፣ ሕዝቡ የሚሰማችሁ እናንተን ነው። ልጁ የታመመበት ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ በጎረቤቱ ላይ የሚቀስረውን ጣት መልሱለት። ሐኪም ቤት ላኩት። በሰርግና በለቅሶ፣ በማኅበር ጽዋ ላይ ጠይብ ለብቻ ሲቀመጥ ካያችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እናንተ ከተቀመጣችሁ ሌላው ይከተላል።

ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ቀጥቃጩ ሂዱና ጠይቁ፤ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ተቀበሉ፤ ለሚሰጣችሁ ጊዜም ዋጋ ክፈሉት። ወናፉ ከምን ቆዳ ነው? ከሰሉ ከየትኛው ዛፍ ነው? ዛፉ ሲጠፋ በምን ተካው? ብረቱ ለመምታት መድረሱን በምን ያውቃል? ማን አስተማረው? ልጁ ሊማርለት ይፈልጋል? ካልፈለገስ ለምን? ሸክላ ሠሪዋን ሚስቱንም አትርሱ፤ ስለ እሳት የምታውቀው ከእሱ አያንስም። የመሣሪያዎቹን ስም አንድ በአንድ ጻፉ። ዕድሜው የገፋ ቀጥቃጭ ሲሞት አብረውት የሚቀበሩ ቃላት አሉ፤ ከማንም በፊት እናንተ ልትደርሱላቸው ትችላላችሁ።

መምህራን፣ በዚህ አዳራሽ በሚቀጥለው ጊዜ ተናጋሪ ስትጋብዙ እኔ የቆምሁበትን ቦታ ለአንድ የጋይንት ቀጥቃጭ ስጡልኝ። መስፉንና መዶሻውን ይዞ ይምጣ፤ ስሙም በግብዣ ወረቀቱ ላይ ከነማዕረጉ፣ መምህር ተብሎ ይጻፍ። ቀኑን ንገሩኝ፤ ከአድማጮቹ መካከል ለመቀመጥ እመጣለሁ።